አስታማሚው ልጅ
በቂርቆስና በካዛንቺስ ሰፈሮች የታዳጊዎች የማስታመም ታሪክ

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ ወደ ቦሌ የሚወስደውን ጎዳና የያዘ መንገደኛ ደምበል ከተባለው ሕንፃ ዘንድ ሲደርስ፣ በስተምዕራቡ የቂርቆስ ሰፈር፣ በስተሰሜኑ ደግሞ ካዛንቺስ ይገኛል። የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ስሙን የወረሰው ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። የሰማዕቱ ታሪክ በምእመናን ዘንድ የታወቀ ነው፤ ቂርቆስ የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በፈላ ውኃ ወደ ተሞላ ጋን እንዲጣሉ ተፈረደባቸው፤ እናቲቱ በፈራች ጊዜ ያጽናናትና ያበረታታት ያው ሕፃን ነበር። እናት ልጅዋን ማጽናናቷ የተለመደ ነው፤ ልጅ እናቱን ማጽናናቱ ግን እንደ ተአምር ተቆጥሮ ተጻፈ። በዚሁ ሰፈር፣ በተራ የቀበሌ ቤቶች ውስጥ፣ ተአምር ሳይባል በየቀኑ ሲፈጸም የኖረው ተመሳሳይ ሥራ ግን ጸሐፊ ሳያገኝ ቀርቷል ለማለት ይቻላል።

ይህ ሥራ ማስታመም ነው። አስታማሚ የሚለው ቃል በአማርኛ ከባድ ትርጉም ያለው ቃል ነው። አስታማሚ ማለት ከሕመምተኛው ራስጌ የማይለይ፣ የሚያጎርስ፣ የሚያጥብ፣ መድኃኒት የሚያመላልስ፣ ሌሊቱን ነቅቶ የሚያድር ሰው ነው። በሆስፒታሎቻችን የተኛ ሕመምተኛ አስታማሚ ከሌለው ነርሷና ሐኪሙ ብቻቸውን እንደማይበቁት የሙያው ባልደረቦች ሁሉ ያውቃሉ። ቃሉ ግን ዕድሜን አይናገርም። «አስታማሚ አለሽ ወይ?» ተብላ የተጠየቀች እናት «አዎን፣ ልጄ አለች» ስትል፣ ልጅቱ የሠላሳ ዓመት ሴት ትሁን የአሥራ ሦስት ዓመት ተማሪ፣ መልሱ በመዝገቡ ላይ አንድ ዓይነት ነው። የከተማይቱ የጤና ታሪክ ሲነገር የሆስፒታሎች መቋቋም፣ የመድኃኒቶች መምጣትና የማኅበራት ድርሻ ይነሣል፤ ሌሊቱን የነቃችው ተማሪ ግን አትነሣም።

ጧሪና ቀባሪ

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት የሰፈሮቹን አመሠራረት መመልከት ይጠቅማል። ካዛንቺስ የሚለው ስም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከቆየው የኢጣልያ ወረራ የተረፈ ነው። ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋም በአጭር አጠራሩ ኢንቺስ ይባል ስለ ነበር «ካዜ ኢንቺስ»፣ ማለትም የኢንቺስ ቤቶች፣ የተባለው በሕዝብ አፍ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። የቂርቆስ አካባቢ በበኩሉ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰው የምድር ባቡርና ከለገሃር ጣቢያ ጋር ጎረቤት ሆኖ ያደገ ነው። በሁለቱም ሰፈሮች ከየክፍለ ሀገሩ እንጀራ ፍለጋ የመጣ ሰው ተጠጋግቶ ሰፈረ። አብዛኛው ሲመጣ ብቻውን ነበር፤ አክስት፣ አያት፣ ምራትና የወንድም ልጅ በተወለደበት አገር ቀሩ።

በገጠር አንዲት እናት ብትታመም ዘመድ አዝማድ ይፈራረቅባታል፤ አንዷ ውኃ ስትቀዳ ሌላይቱ ትጋግራለች። ከተማ የገባው ሰው ይህን መፈራረቅ አጣ። ጉድለቱን ለመሙላት ከፈጠራቸው ነገሮች ሁሉ ዋነኛው ዕድር ነው። ዕድር ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሬሳ ያወጣል፣ ኀዘንተኛ ያስተዛዝናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ሽማግሌዎች ሲመርቁ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ይላሉ። ምርቃቱ ሁለት ሥራዎችን በአንድ እስትንፋስ ይጠራል፤ አንደኛው መጦር፣ ሁለተኛው መቅበር ነው። ሁለቱም የሚጠበቁት አድጎ ለወግ ለማዕረግ ከበቃ ልጅ ነበር። የከተማው ኑሮ ግን ሁለቱን ለያያቸው። ቀባሪው ማኅበር ሆነ፤ ደንብ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አገኘ። ጧሪው ግን በቤት ውስጥ፣ ያለ ደንብና ያለ ማኅበር፣ በልጅ ትከሻ ላይ ቀረ። ለሞት የተዘጋጀው ከተማ ለረዥም ሕመም አልተዘጋጀም ነበር።

ከአብዮቱ በኋላ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ያደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ የብዙ ድኾችን የቤት ኪራይ አቃለለ፤ የቀበሌ ቤትም የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ነገር ግን ቤቱ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ክፍል ነበር፤ ሕመምተኛውና ተማሪው፣ ምድጃውና መኝታው በአንድ ጣሪያ ሥር ዋሉ አደሩ። በ1970ዎቹ ብሔራዊ ውትድርና ወጣት ወንዶችን ወደ ጦር ግንባር በወሰደ ጊዜ፣ ከእናትና ከአያት ጋር የቀሩት ታናናሾቹ ነበሩ። እንግዲህ ታላቁ ወረርሽኝ ሲመጣ ያገኘው ከተማ ይህ ነበር፤ ዘመዱ የራቀ፣ ዕድሩ የጠነከረ፣ ቤቱ የጠበበ፣ ጧሪውም ገና ልጅ የሆነ ከተማ።

የወረርሽኙ ዓመታት

የኤችአይቪ ቫይረስ በኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1984 ከተወሰደ የደም ናሙና ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1986 ተመዘገቡ። ከዚያ ወዲህ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ የነበረው ዘመን ለአዲስ አበባ የጨለማ ዘመን ነበር። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በክፍያ መሰጠት የጀመረው በ1995 ዓ.ም.፣ በነፃ መሰጠት የጀመረው ደግሞ በጥር ወር 1997 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ሁለት ዐሥርት ዓመታት ለሚጠጋ ጊዜ ሐኪም ለሕመምተኛው ሊያደርግለት የሚችለው ተጓዳኝ በሽታዎችን ማከምና ሥቃይን ማቅለል ብቻ ነበር። የሆስፒታል አልጋ አይበቃም ነበርና ብዙው ሕመምተኛ «ቤትህ ሆነህ ተከታተል» ተብሎ ተሰናበተ። ቤት ውስጥ የሚጠብቀው ማን ነበር? ባል ቀድሞ ሞቶ ወይም ርቆ ሊሆን ይችላል፤ ዘመድ በገጠር ነው፤ ታላቂቱ ሴት ልጅ ግን አለች።

የእንዲህ ያለች ልጅ ውሎ ከቤት ቤት ብዙም አይለያይም ነበር። ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ጀሪካን ይዛ ከቦኖ ውኃ ትሰለፋለች። ተመልሳ ፖፖውን ታወጣለች፤ ሌሊት የተበላሸውን አንሶላ በሳፋ ዘፍዝፋ ታጥባለች፤ ከሰል አያይዛ አጥሚት ታሞቃለች። እናቷን አገላብጣ ጀርባዋን ታሻለች፤ የምትውጠውን ክኒን ቆጥራ ትሰጣለች። ታናናሾቿን አልብሳ ወደ ትምህርት ቤት ትሸኛለች። የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች በፈረቃ ማስተማራቸው ለብዙዎች የመማሪያ ጊዜን ያጎደለ ነገር ቢሆንም፣ ለዚህች ልጅ ግን ግማሽ ቀን ያስገኘላት በረከት ነበር። ሕመሙ ሲጠና ግማሹም ቀን አልበቃ አለ። ገቢ ሲጠፋ ደግሞ ሴቷ ጉሊት ተቀምጣ ሽንኩርት መቸርቸር፣ ወንዱ የሊስትሮ ሣጥን መያዝ ግድ ሆነባቸው። ከዚያ በኋላ የቀረው ተስፋ የማታ ትምህርት ነበር፤ እርሱም የሚቻለው ጎረቤት መጥታ ሕመምተኛዋን የጠበቀች እንደሆነ ነው።

ከድካሙ የሚብሰው ምሥጢሩ ነበር። የበሽታው ስም አይነሣም። ለጠያቂ «ሳንባዋን ነው»፣ «ብርድ መትቷት ነው» ይባላል። ብዙ ልጆች የሚያስታምሙት በሽታ ምን እንደሆነ አልተነገራቸውም፤ የጠረጠሩትም መጠርጠራቸውን አልተናገሩም። ጓንት ሳያደርግ ቁስል የሚያጥብ ልጅ ስለ ጥንቃቄ የነገረው ሰው አልነበረም፤ ልንገርህ ብሎ የሚጀምር ሰው የበሽታውን ስም መጥራት ነበረበትና። ካዛንቺስ በሆቴሎቹና በቡና ቤቶቹ የታወቀ ሰፈር በመሆኑ፣ በዚያ ሥራ የኖረች እናት ልጅ ላይ የሚወርደው ሐሜት እጥፍ ነበር። ልጅቱ በአንድ እጇ እናቷን ስታስታምም በሌላው እጇ የእናቷን ስም ትጠብቅ ነበር።

ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል የሚደረገውም ጉዞ የዚሁ ታሪክ አካል ነው። በእነዚያ ዓመታት እጅግ ብዙ ሕሙማን ከተራራው ላይ ቤት ተከራይተው ይጠመቁ ነበር፤ ከብዙዎቹም ጋር ደግፎ የሚያደርስ፣ ጠበል የሚቀዳ፣ ልብስ የሚይዝ ልጅ አብሮ ወጥቷል። ኋላ መድኃኒት በተገኘ ጊዜ አንዳንዱ ጠበልና ክኒን አይገናኙም ብሎ መድኃኒቱን ይተው ስለ ነበር፣ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን ጎን ለጎን መጠቀም እንደሚቻል በይፋ መናገራቸው ለሕመምተኛውም ሆነ በሁለቱ መካከል ተጨንቆ ለነበረው ልጅ ትልቅ ዕፎይታ ነበር።

የቅጹ ዓምድ

እርዳታው ዘግይቶም ቢሆን መጥቷል። በ1990 ዓ.ም. የኤችአይቪ/ኤድስ ብሔራዊ ፖሊሲ ወጣ። ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች ራሳቸው መቅድምንና ተስፋ ጎሕን የመሳሰሉ ማኅበራትን አቋቋሙ፤ ፊታቸውን ለሕዝብ በማሳየትም ምሥጢሩን መስበር ጀመሩ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የዕድሮች መለወጥ ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ዕድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው፣ አባላቸውን ከሞተ በኋላ ከመቅበር አልፈው በሕይወት ሳለ መርዳት ጀመሩ። ለጧሪው ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈለት ያን ጊዜ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የቤት ለቤት እንክብካቤ ፈቃደኞችም ሣሙናና ጓንት፣ ዱቄትና ዘይት ይዘው በየቀበሌው ቤት ገቡ።

እነዚህ ፈቃደኞች በር ሲያንኳኩ የከፈተላቸው ልጅ ነበር። ሥራውን አስቀድሞ የያዘው ሠራተኛ እርሱ ነበር። ሆኖም ፈቃደኛዋ በእጇ በያዘችው ቅጽ ላይ ለእርሱ የሚሆን ዓምድ አልነበረም። ለሕመምተኛው ዓምድ አለ። ወላጁን ላጣ ልጅ ዓምድ አለ። እናቱ ገና ሳትሞት እርሷን ለሚያስታምም ልጅ ግን ዓምድ የለም። በዚያ ዘመን የእርዳታው ሁሉ ቋንቋ «ወላጅ አልባና ለችግር የተጋለጡ ሕፃናት» የሚል ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. የተካሄደውን የመሳሰሉ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎችም የሕፃኑ ወላጆች በሕይወት መኖራቸውንና አብረውት መኖራቸውን ይጠይቁ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ውጤቱ ልጁ የሚቆጠረው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ እንዲሆን አደረገ። ደብተርና የደንብ ልብስ የሚደርሰው ልጅ እናቱን የቀበረው ነበር፤ እያስታመመ ከትምህርት ገበታው የቀረው ልጅ እናቱ እስክትሞት መጠበቅ ነበረበት። ከዚህ የመረረ የአሠራር ጉድለት ማግኘት ያስቸግራል።

ለጉድለቱ አንድ ታሪካዊ ምክንያት አለ፤ እርሱም ይህን ሙያ በቀጥታ የሚመለከት ነው። በኢትዮጵያ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 ተቋቁሞ ባለሙያዎችን ሲያወጣ ከቆየ በኋላ በአብዮቱ መባቻ ተዘጋ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዳግመኛ ራሱን ችሎ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል መሆኑ ነው። ወረርሽኙ የገባውም፣ የተስፋፋውም፣ ብዙውን ሰው የጨረሰውም በእነዚሁ ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ነበር። ቤት ገብቶ «በዚህ ቤት ሥራውን የሚሠራው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅን እንደ ሙያ የሚያስተምር ትምህርት ቤት በሌለበት ጊዜ፣ ጥያቄው ሳይጠየቅ ማለፉ አያስገርምም። አሁን ግን ያ ምክንያት የለም።

ሕመምተኛዋ ስትነሣ

ነፃው መድኃኒት ከመጣ በኋላ የታየው ለውጥ በዓይን ላላየው የሚታመን አልነበረም። በአካባቢው ያለው የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን ቀድመው ከጀመሩት አንዱ ነበር። በቃሬዛ የመጡ ሰዎች በእግራቸው ሄዱ፤ አልጋ ላይ የነበረች እናት ተነሥታ እንጀራ ጋገረች። የልጁም ሥራ ተለወጠ። አንሶላ ማጠቡ ቀርቶ ሰዓት ማስታወስ መጣ፤ ጠዋትና ማታ «መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» ብሎ መጠየቅ፣ ክኒኑ ከማለቁ በፊት ቀጠሮውን ማስታወስ የእርሱ ድርሻ ሆነ። ሆኖም ያመለጡትን የትምህርት ዓመታት የመለሰለት ሰው አልነበረም። የክፍል ጓደኞቹ ሦስትና አራት ክፍል ቀድመውት ሄደዋል።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ያስፈልጋል። ማስታመም ልጁን የሚያጎዳ ነገር ብቻ አይደለም። በታንዛኒያና በእንግሊዝ አገር ወላጆቻቸውን የሚያስታምሙ ልጆችን ያጠኑት ሩት ኤቫንስና ሶል ቤከር እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት መጽሐፍ ጉዳቱን ብቻ ሳይሆን ልጆቹ የሚያገኙትን ብስለት፣ ችሎታና ከወላጅ ጋር የሚኖራቸውን ቅርበት ጭምር አሳይተዋል። በእኛም አገር የእናቱን ምርቃት ተቀብሎ ያደገ ልጅ ያን ምርቃት በገንዘብ አይለውጠውም። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርም፣ በሐምሌ 1982 ዓ.ም. በዚሁ በአዲስ አበባ የጸደቀው፣ በ31ኛው አንቀጽ ልጅ ወላጆቹን እንዲያከብርና በሚያስፈልጋቸው ጊዜ እንዲረዳቸው ግዴታ ይጥልበታል፤ ግዴታውን ግን በዕድሜውና በችሎታው ይወስነዋል። ኢትዮጵያ ይህን ቻርተር በ1995 ዓ.ም. አጽድቃለች። ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛ የሚጠብቀው የሕገ መንግሥቱ 36ኛ አንቀጽም አለ። ስለዚህ ክርክሩ ልጅ እናቱን ይርዳ ወይስ አይርዳ የሚል አይደለም። ክርክሩ «ዕድሜውና ችሎታው» የሚለውን ቃል በየቤቱ ገብቶ የሚመዝነው ማን ነው የሚል ነው።

በሌሎች አገሮች ይህ ሚዛን መልክ ይዟል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2001 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ያለ ክፍያ የሚያስታምሙ ሰዎች ተጠይቀው፣ ከ18 ዓመት በታች የሆኑት 175,000 ያህል መሆናቸው ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሕግም የአካባቢ አስተዳደሮች የእነዚህን ልጆች ችግር እንዲመረምሩ አስገደደ። በመጀመሪያ ተቆጠሩ፤ ሕጉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2013 የተካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት ጀምሮ ያሉትን ሰዎች መጠየቁ በር የሚከፍት ነው፤ በልጆች የሚሠራ የቤት ውስጥ ሥራ ሊለካ እንደሚችል አሳይቷልና።

የፈረሰው አጥር

ታሪኩ በኤድስ አላበቃም። ዛሬ በየቤቱ ታዳጊዎች የሚያስታምሙት በደም ግፊት ምክንያት አንድ ጎኑ የማይታዘዝለትን አባት፣ በስኳር በሽታ እግሯን ያጣችውን እናት፣ አእምሮው የታወከውን ወንድም፣ ልጆቿን ቀድማ ቀብራ የልጅ ልጆቿን ያሳደገችውንና አሁን ስማቸው የጠፋባትን አያት ነው። እነዚህ ሕመሞች እንደ ቀድሞው ወረርሽኝ ፈጥነው አይገድሉም፤ ስለዚህ ማስታመሙ በወራት ሳይሆን በዓመታት የሚቆጠር ሆኗል።

የሰፈሩም መልክ ተለውጧል። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በደምበልና በካዛንቺስ ዙሪያ ረዣዥም ሕንፃዎችና ሆቴሎች ተነሥተዋል፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የካዛንቺስ ነባር ክፍል በኮሪደር ልማት ሥራ ፈርሶ ነዋሪዎቹ ገላን ጉራን ወደ መሳሰሉ የከተማው ዳርቻዎች ተዛውረዋል። የቧንቧ ውኃና ለብቻ የሆነ መጸዳጃ ቤት ያለው ቤት ማግኘት ለአስታማሚ ትልቅ ነገር ነው፤ ጀሪካን ይዞ መሰለፍን ያስቀራል። ነገር ግን አብሮ የማይዛወር አንድ ነገር አለ። የቀበሌው ግቢ አጥር የሳሳ ነበርና አንዲት ልጅ ወደ ማታ ትምህርት ስትሄድ «እትዬ፣ እናቴን እያያችሁልኝ» ብላ መውጣት ትችል ነበር። ያቺ ጎረቤት በየትኛውም መዝገብ ላይ አልተጻፈችም፤ ልጅቱ ትምህርቷን የጨረሰችው ግን በእርሷ ነው። ሰፈር ሲፈርስ ዕድር ገንዘቡን አካፍሎ ወይም ስሙን ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ «እያያችሁልኝ» የሚባልላት ጎረቤት ግን በአዲሱ ፎቅ እስክትገኝ ዓመታት ይፈጃል። በእነዚያ ዓመታት መካከል ልጅቱ አሥራ አራት ዓመቷን አልፋ አሥራ ስምንት ትደፍናለች።

ከሙያው የሚጠበቀውም ከዚህ ይመነጫል። ነገሩ ብዙ ገንዘብ ወይም አዲስ ተቋም የሚጠይቅ ሳይሆን በመጀመሪያ አንዲት ጥያቄ የምትፈልግ ነው። ሕመምተኛ ከሆስፒታል ሲወጣ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤት ስትገባ፣ መምህር የቀረ ተማሪ ስም ሲጠራ፣ የተዛወሩ ሰዎች ቤት ሲከፋፈል «በቤታችሁ የሚያስታምመው ማን ነው? ዕድሜውስ ስንት ነው?» ተብሎ ቢጠየቅና መልሱ ቢጻፍ፣ የቀረው በየደረጃው ይከተላል። ጓንት ለእርሱም ይሰጣል፤ በሽታው በሚገባው ቋንቋ ይነገረዋል፤ ፈረቃው ይስተካከልለታል፤ አዲሱ ዕድርም በደንቡ ላይ አንዲት አንቀጽ ይጨምርለታል።

በቂርቆስ በዓል በየዓመቱ ታቦቱ ሲወጣ በሰፈሩ የሚዘመርለት ሕፃን እናቱን ያጽናና ነው። ከሰልፉ ኋላ፣ በየደጃፉ ቆመው ከሚመለከቱት መካከል ወደ ቤት ለመመለስ የሚቸኩል አንድ ልጅ አይጠፋም፤ መድኃኒት የሚሰጥበት ሰዓት ደርሶበታልና። ባለሙያው ስሙን ይጠይቀው፤ ይጻፈውም።